ኤንትሬ፣ ካማዝ ወይስ ቱርቦስታር፦ አሮጌ የጭነት መኪና ለሚገዛ ሰው

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጋራዦችና በቆርቆሮ በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ፣ አፍንጫ የሌላቸው፣ ማለትም ሞተራቸው ከጋቢናው ሥር የተቀመጠ አሮጌ የጭነት መኪኖች ገዢ ሲጠብቁ ይታያሉ። ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ጎማው ነው፤ በእኔ ግምት ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ጋቢናው ነው፤ ወደ ፊት መጋደሙና አለመጋደሙ የወደፊቱን የጥገና ወጪ በእጅጉ ይወስነዋልና።

ፊያት 682 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1952 መመረት የጀመረ ሲሆን፣ ሾፌሮቻችን በጣሊያንኛው አጠራር «ኤንትሬ» የሚሉት ኤን 3 ከአሥር ዓመት በኋላ ተከተለ። ጋቢናው አይጋደምም፤ 11.5 ሊትር ያህል የሚይዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል በክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። በልጅነቴ ከአጎቴ ጋር ሌሊት ተነሥተን ስንጓዝ፣ የሱሉልታ ብርድ መስታወቱን ሲያለብሰው፣ እኔ በዚያ ሞቃት ክዳን አጠገብ በጋቢ ተጠቅልዬ እተኛ ነበር። መኪናው ቆላ ሲወርድ ግን ያው ሙቀት ጋቢናውን ይሞላዋል፤ መካኒክም ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን፣ ማንሳት ሲኖርበት በጠባቡ ጋቢና ውስጥ ተንበርክኮ ስለሚሠራ፣ በሌላ መኪና በግማሽ ቀን የሚያልቀው ሥራ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በጣሊያን የዚያ ዘመን ከባድ መኪኖች የተራራው መንገድ ጠርዝ ለሾፌሩ እንዲታየው መሪያቸው በቀኝ ይሠራ ስለነበር፣ ቀኝ መሪ ኤንትሬም ሊያጋጥም ይችላል፤ ኢትዮጵያ ከ1964 ወዲህ በቀኝ በኩል ስለምትነዳ ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ መቅደም ያለ ረዳት ዓይን አስቸጋሪ ነው።

ኢቬኮ በ1984 ያወጣው ቱርቦስታር የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ኢቬኮ ራሱ በ1975 የተመሠረተው የፊያት የጭነት መኪና ክፍል ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ነበርና። ጋቢናው ይጋደማል፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ዓይነት 13.8 ሊትር የሚይዝ ሞተር ከነቱርቦው፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው መሣሪያ ጋር፣ አለው። ቱርቦው በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የእንጦጦን ዳገት ጭኖ ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት የሚያጣውም ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ቱርቦው ዘይት ሳይቀየርለት ከኖረ የማስጠገኛው ወጪ ይከብዳል፤ የጋቢና ማንሻው ፓምፕ ማፍሰሱ፣ የማርሽ ማስተላለፊያው መጋጠሚያም መላላቱ በእንዲህ ያለ ጋቢና የተለመደ ነው።

ከ1976 ጀምሮ የተመረተው ካማዝ 5320 ቱርቦ ባይኖረውም ለጋራዥ ሰው የሚመች ነው፤ ጋቢናው በብረት ዘንግ ጥምዘዛ ጉልበት ታግዞ በእጅ ይጋደማል፤ ስምንቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቴስታታ ስላላቸው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹን መንካት አያስፈልግም። መቀመጫው ግን ለረጅም መንገድ አይመከርም።

ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ አካባቢ ድንጋይና አሸዋ ለማመላለስ የሚፈልግ ሰው፣ መለዋወጫውን የሚያውቅ መካኒክ በአቅራቢያው ካለው ካማዙን ቢወስድ አይጎዳም፤ ተሳቢ ጎትቶ አገር አቋራጭ ለሚሠራ ግን ሳላመነታ ቱርቦስታሩን እመርጣለሁ። ኤንትሬን የምመክረው ለሚወደው ሰው ብቻ ነው፤ እኔም ከእነዚህ አንዱ ስለሆንኩ በዚህ ረገድ ምክሬ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ አይደለም።

ገዢው የትኛውንም ቢመርጥ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፤ ጋቢናው ሲጋደም መደገፊያው ብረት ሳይገባ ከሥሩ አይግባ። ለማየት የሚሄደውም ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው በማግስቱ ሳይናገር ተመልሶ ይምጣ።