የኮርንዎል ዘር ፍለጋ፦ የአጥቢያ መዝገብ ይሻላል ወይስ ኑዛዜ? ገንዘባችሁንስ የት ታውሉት?

አባቴ ሊጠይቀን የመጣ ጊዜ ልጆቼን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ሰባት ቤት አስቆጠራቸው። በሦስተኛው ቀን ያለ ማንም እርዳታ ወጡት። ከዚያ ትልቋ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «ዳዲ ያንተስ?» አለችው። እሱ ለንደን ነው የተወለደው። የእናቱ ወገን ከኮርንዎል እንደመጣ ያውቃል፣ ከቅድመ አያቱ ወዲያ ግን አንድም ስም መጥራት አልቻለም። አባቴ ከልቡ አዘነለት።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሬ ስፈልግ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብዙ አግኝቻለሁ፣ ገንዘብም አውጥቻለሁ፣ ካወጣሁት ውስጥ ግማሹን አሁን ብሆን አላወጣውም ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ በትዳር ወይም በልጆቻችሁ በኩል ከኮርንዎል ሰዎች ጋር ለተዛመዳችሁ ነው። ኮርንዎል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው፣ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን አገር። በ1866 (ዓመቱንም ወሩንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የመዳብ ንግዱ ሲወድቅ ማዕድን ቆፋሪዎቹ በገፍ ተሰደዱ። ከዚያ በፊትም በኋላም ደቡብ አውስትራሊያ ሙንታና ካዲና፣ አሜሪካ ሚሺጋንና ካሊፎርኒያ፣ ሜክሲኮ ሬያል ዴል ሞንቴ ድረስ ሄደዋል። ስለዚህ አደላይድ ወይም ዲትሮይት ያላችሁም አማቶቻችሁን ብትጠይቁ ኮርንዎል የሚል ቃል ልትሰሙ ትችላላችሁ።

ሐሳቤን ከፊት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነፃ የሆነውን ጨርሱ። የመጀመሪያዋን ፓውንድ የኑዛዜ ቅጂ ላይ አውጡ። የድረ ገጽ አባልነት የመጨረሻው ይሁን፣ እሱም ለአንድ ወር ብቻ። ምክንያቴን እነሆ።

የአጥቢያ መዝገብ ምን ይሰጣችኋል?

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ብዙዎቹ ወረቀት ስለነበሩ ጠፍተዋል። በ1598 ወደ ብራና እንዲገለበጡ ታዘዘ። በየዓመቱም አንድ ግልባጭ ለጳጳሱ ይላክ ነበር፣ ይህ ግልባጭ ትልቅ ነገር ነው፤ የአጥቢያው መዝገብ ቢበላሽ ወይም ገጽ ቢጎድለው እሱ ይተካዋል።

ጥቅሙ ሰፊነቱ ነው። ድሃውም ሀብታሙም እዚያ ውስጥ አለ። ችግሩ የሚናገረው ነገር ትንሽ መሆኑ ነው። ከ1813 በፊት የአንድ ልጅ ክርስትና ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቀኑን፣ የልጁን ስምና የአባቱን ስም፣ ቢበዛ የእናቱን መጠሪያ ስም ነው። ከ1813 ወዲህ በታተመ ቅጽ ላይ ስለሚሞላ የአባት ሥራና የመኖሪያ ቦታ ይጨመርበታል። ጋብቻም እንዲሁ፦ ከ1754 በፊት ሁለት ስም ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ፊርማና ምስክሮች፣ ከ1837 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ የሁለቱም አባቶች ስምና ሥራ። ቀብር ላይ እስከ 1813 ድረስ ዕድሜ እንኳ ላይጻፍ ይችላል።

አሁን ኮርንዎል ውስጥ ያለውን ጣጣ አስቡት። ስሞቹ ይደጋገማሉ። ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ ሪቻርድ። እኔ የምፈልገው ዊልያም ግዌናፕ በሚባለው የመዳብ አጥቢያ ነው የተወለደው፣ ግን በአራት ዓመት ውስጥ በዚያው የቤተሰብ ስም ሦስት ዊልያሞች ክርስትና ተነስተዋል። የአንዱም አባት ዊልያም ነው። መዝገቡ ሦስቱንም በትክክል ጽፏቸዋል። የትኛው የእኛ እንደሆነ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ እኛ አበሾች ከእንግሊዞቹ የምንሻልበት ነገር አለ። በምዕራብ ኮርንዎል እስከ 1500ዎቹ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ 1600ዎቹ ድረስ፣ የብዙ ሰው የቤተሰብ ስም ገና አልረጋም ነበር። ልጅ የሚጠራው እንደኛው በአባቱ ስም ነው። የሪቻርድ ልጅ ጆን «ጆን ሪቻርድ» ይባላል፣ የእሱ ልጅ ደግሞ «ቶማስ ጆን»። አንድ ስም ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ ዱካው ይጠፋበታል። እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን የምንቆጥረው እንደዚህ ነው። ሌላው ደግሞ በሚኖርበት እርሻ ይጠራል፤ «ትሬ» መኖሪያ፣ «ፖል» ኩሬ፣ «ፔን» ራስ ወይም ጫፍ ማለት ነው፣ በነዚህ የሚጀምር ስም ካያችሁ ከቦታ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቦታ ሲቀይር ስሙም ሊቀየር ይችላል፣ ቄሱም ሁለቱን ስም «ኤሊያስ» (alias) በሚል ቃል አያይዞ ይጽፈዋል። «በሌላ ስሙ» እንደማለት ነው።

የቀን አቆጣጠሩም እንዳያሳስታችሁ። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው በእነሱ መጋቢት 25 ነበር። ስለዚህ የካቲት 1720 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ላደገ ሰው ይህ ከባድ አይደለም።

ማዕድን አካባቢ የሜቶዲስት እምነት በ1700ዎቹ በጣም ተስፋፍቷል፣ መሥራቹ ጆን ዌስሊ ራሱ እየተመላለሰ ሰብኳል። ልጁ በአጥቢያው ክርስትና ካልተገኘ በሜቶዲስቶቹ መዝገብ ፈልጉት። ጋብቻው ግን ከ1754 እስከ 1837 ባለው ጊዜ የግድ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መፈጸም ስለነበረበት እዚያ ታገኙታላችሁ።

ኑዛዜስ?

ኑዛዜ ሁሉም ሰው አልተወም። ያገባች ሴት እስከ 1882 ድረስ ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም ነበር ማለት ይቻላል። የቀን ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ የሚናዘዘው የለውም። ነገር ግን ኑዛዜ የጌቶች ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ባልቴቶች፣ አንጥረኞች፣ ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች፣ ቆርቆሮ ቆፋሪዎችም ጭምር ትተዋል።

የሚሰጠው ነገር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ያችን ሦስት ዊልያም የምትፈታ አንዲት ባልቴት ሆና ተገኘች። ኑዛዜዋ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «በእግዚአብሔር ስም አሜን» ብሎ ይጀምራል፣ ልክ እንደኛ የድሮ ኑዛዜ። አልጋዋን ለአንዷ ልጇ፣ የነሐስ መጥበሻዋን ለሌላዋ፣ ለሟች ልጇ ልጅ ለዊልያም ደግሞ ገንዘብ ትታለች። ልጆቿን በሙሉ በስም ጠርታለች፣ ያገቡትን ሴቶች በባሎቻቸው ስም። በአንድ ቅጂ ሦስት ትውልድ ተያያዘ። የሞተው ልጇ ማን እንደሆነ ሲታወቅ ሁለቱ ዊልያሞች ወደቁ፣ የእኛው ቀረ። አልቅሻለሁ።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ለልጁ «አንድ ሺሊንግ» ብቻ የተወ አባት ካያችሁ ተጣልተው ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ድርሻውን ቀድሞ ስለወሰደ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ኑዛዜው የት እንደጸደቀ ማወቅ አለባችሁ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ከ1858 ጥር 12 በፊት ኑዛዜ የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። ኮርንዎል እስከ 1876 ድረስ ጎረቤት ዴቨን ውስጥ ያለችው የኤክሰተር ከተማ ሀገረ ስብከት አካል ነበር። አብዛኛው የኮርንዎል ኑዛዜ የጸደቀው በኮርንዎል ሊቀ ዲያቆናት ፍርድ ቤት ነው፣ እሱም ቦድሚን ከተማ ይቀመጥ ስለነበር ተርፏል። በቀጥታ በጳጳሱ ሥር የነበሩ አጥቢያዎች ኑዛዜ ግን ኤክሰተር ነበር፣ በግንቦት 1942 የጀርመን ቦምብ አቃጠለው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ኑዛዜ በአንድ ሌሊት ሄደ። ለውርስ ግብር ተብለው የተገለበጡ ከ1812 እስከ 1857 ያሉ ቅጂዎች ስለተረፉ ያን ዘመን የምትፈልጉ ተስፋ አላችሁ። በተለያዩ ሀገረ ስብከቶች ንብረት የነበረው ሀብታም ሰው ደግሞ በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነው የሚጸድቅለት፤ ከ1384 እስከ 1858 ያለው የዚያ መዝገብ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፣ በስም መፈለግም ነፃ ነው።

ነፃው፣ በቅጂ የሚከፈለው፣ በወር የሚከፈለው

የኮርንዎል የኦንላይን አጥቢያ ጸሐፊዎች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የአጥቢያ መዝገቦችን እያነበቡ ገልብጠው ያለ ምንም ክፍያ አስቀምጠዋል። ለኮርንዎል ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፣ ከሚከፈልባቸው ጭምር አወዳድሬ ነው የምላችሁ። የአካባቢውን ስም ስለሚያውቁ ግልባጫቸው ንጹሕ ነው። የሚጎድለው የመዝገቡ ፎቶ ነው። ለፎቶ ፋሚሊሰርች ሂዱ፤ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ነፃ ድረ ገጽ ነው፣ ስማችሁን ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ፎቶ ከቤት አይከፈትም፣ የእነሱ ማዕከል ወይም አብሯቸው የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይኖርባችኋል። ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን የዘር ሐረግ ግን እንዳለ አትቀበሉ። አንዱ የተሳሳተውን አርባ ሰው ይገለብጠዋል።

ክሬሰን ከርናው የኮርንዎል ቤተ መዛግብት ነው። በ2019 ሬድሩዝ ከተማ በድሮ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ተከፍቷል፣ ስሙ በኮርኒሽ ቋንቋ «የኮርንዎል ማዕከል» ማለት ነው። የሊቀ ዲያቆናቱ ኑዛዜዎች እዚህ ናቸው። ማውጫውን ከቤታችሁ በነፃ ትፈልጋላችሁ፣ የሟቹን ስም፣ አጥቢያና ብዙ ጊዜም ሥራውን ያሳያችኋል። የምትከፍሉት ለቅጂው ብቻ ነው። በአካል ከሄዳችሁ ማንበቡ ራሱ ነፃ ነው። እዚያ ስትደርሱ የድሮ የመሬት ኪራይ ውሎችንም ጠይቁ። ኮርንዎል ውስጥ መሬት ብዙ ጊዜ የሚከራየው «በሦስት ሰው ዕድሜ» ነበር፤ ሦስት ሰዎች በስም ይጻፋሉ፣ የመጨረሻው እስኪሞት ውሉ ይጸናል። ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጽፈው ልጆቹን ስለሆነ ኑዛዜ ላልተወ ቤተሰብ ይህ እንደ ኑዛዜ ነው።

የሚከፈልባቸው ትልልቆቹ አንሴስትሪና ፋይንድማይፓስት ናቸው። የእናንተ ሰው ከኮርንዎል ካልወጣ ፋይንድማይፓስት ያዋጣል፣ በተለይ የድሮ ጋዜጦቹ፤ የማዕድን አደጋና የሞት ዜና እዚያ ይገኛል። ወደ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ ከተሰደደ አንሴስትሪን ምረጡ። የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝርና የዲኤንኤ ምርመራው ጠንካራ ነው፣ ከ1858 እስከ 1995 ያለውን የኑዛዜዎች ማውጫም ይዟል። ዲኤንኤው ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ያገናኛችኋል፣ የትኛው ዊልያም እንደሆነ ግን ብቻውን አይነግራችሁም።

ግን ከመክፈላችሁ በፊት እንግሊዝ ያላችሁ ሰፈራችሁ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ብዙዎቹ ከሁለቱ አንዱን በነፃ ያስጠቅማሉ። ይህን ሳላውቅ አንዱ ድርጅት ጋር የሙከራ ጊዜ ጀምሬ ማቆም ረሳሁና የዓመቱን በሙሉ ከካርዴ ቆረጡብኝ፤ ደውዬም አልተመለሰልኝም። ከጀመራችሁ በዚያኑ ዕለት «በራሱ እንዳይታደስ» የሚለውን አጥፉት።

ከ1858 ወዲህ ላለ ኑዛዜ የመንግሥት ገጽ ላይ ፈልጋችሁ ታዛላችሁ። ለዓመታት ቅጂው 1 ፓውንድ ከ50 ነበር፣ ክፍያው ስለሚቀያየር በዕለቱ ያለውን ዋጋ እዩ። ከ1837 ወዲህ ላለ ልደት ደግሞ የመንግሥት ማውጫው የእናትን የአባት ቤት ስም በነፃ ያሳያል፤ ለአብዛኛው ጥያቄ ሰርተፍኬቱን መግዛት ሳያስፈልግ ይበቃል።

ባለሙያ መቅጠር የሚያዋጣው ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ ነው። «ዘራችንን ፈልግልን» ብላችሁ አትስጡ። «የዚህን ቁጥር ሰነድ አንብበህ እዚህ የተጻፉትን ስሞች በሙሉ ላክልኝ» በሉ፣ የሰዓቱን ጣሪያም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የ1600ዎቹ የእጅ ጽሕፈት በጣም ያስቸግራል፣ ኑዛዜው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጨረሻው ላይ የፍርድ ቤቱ ማጽደቂያ እስከ 1733 ድረስ በላቲን ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የድሮ ጽሕፈት ማንበብ የሚያስተምር ነፃ ትምህርት ኦንላይን አለው። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ቀስ እያልኩ ማንበብ ችያለሁ።

እስካሁን ስድስተኛው ቤት ላይ ነን። ሰባተኛው የሚገኘው በጳጳሱ ሥር በነበረ አጥቢያ ስለሆነ ኑዛዜው ኤክሰተር ላይ ተቃጥሏል። በሚቀጥለው ወር ሬድሩዝ ሄጄ የኪራይ ውሎቹን አያለሁ። አባቴ በየሳምንቱ እየደወለ «ተገኘ?» ይለኛል።