ዊንዶውስ 11 በጎንደር የጽሕፈት ቤታችን፦ ከወራት ሥራ በኋላ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለው የጽሕፈትና የኅትመት ቤቴ ያሉትን ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 አሻገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የማራኪ ካምፓስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የጥምቀት ሰሞን መርሐ ግብር ሁሉ ተሠርቶባቸዋል። ፍጥነቱም መረጋጋቱም ጥሩ ነው፤ በዚህ ቅር አላለኝም። የፈተነን የአማርኛው ጉዳይ ነው።

ዊንዶውስ 10 በ32 ቢትም በ64 ቢትም (ቢቱ ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን ነው) ይሠራ ነበር፤ 11 ግን ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የነበረበት ኮምፒውተር ስለዚህ ከባዶ ይጫንበታል። 64 ቢቱ ደግሞ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስኬድም። ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው መጫኛቸው 16 ቢት ነው። ለዓመታት የጻፍንበት የግእዝ መጻፊያም የገጠመው ይኸው ነው፤ ሲዲው ገባ፣ መጫኛው ግን አልከፈትም አለ።

ከዚያ አንድ መሪጌታ የደብራቸውን ታሪክ በፍላሽ ይዘው መጡ። ፋይሉ ሲከፈት ገጹ በላቲን ሆሄና በምልክት ተሞልቷል። «ልጄ፣ ስንት ዘመን የደከምኩበት ነው፤ ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ። «አልጠፋም መሪጌታ፤ የጎደለው ማንበቢያው ነው» አልኳቸው። እውነትም አልጠፋም ነበር። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ናቸው፤ ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ የዚያ ዘመን ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል) ከነበሩት 256 ቦታዎች ያልፋሉ። ስለዚህ የጥንቶቹ ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለው በላቲን ሆሄያት ቦታ አስቀመጡት። ዓይናችን «ሀ» ቢያይም ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው። ለየቋንቋው ፊደል የተለየ ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ለግእዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከዚያም በኋላ በአሮጌው መንገድ ሲጽፍ ኖሯል። አዲሱ ዊንዶውስ ይህን አልፈጠረውም፤ ከባዶ ሲጫን ፎንቶቹ ስላልተከተሉት የተሸፈነው ተገለጠ።

ፎንቶቹን ከአሮጌው ኮምፒውተር ቀድቶ መጫን ጽሑፉን ለማየት ይበቃል። በዚያ መርካትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ወደ ዩኒኮድ ያልተለወጠ ሰነድ ቃል አይፈለግበትም፣ በስልክም አይነበብም። ስትለውጡ ከሁሉ በፊት ፎንቱን አትንኩት። ጽሑፉን ሁሉ መርጦ ፎንቱን ኒያላ (የዊንዶውስ የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት) ማድረግ ወይም ኖትፓድ ላይ መለጠፍ የትኛው ሆሄ ከየትኛው ፎንት እንደመጣ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠው ፕሮግራም ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። ለውጡ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ከድሮው እትም እያነበበ ሌላው ያመሳክር። በእኛ ቤት ብዙ የሚሳሳቱት እንደ «ሏ» እና «ኳ» ያሉት፣ እንዲሁም የግእዝ ቁጥሮች ናቸው። የመሪጌታ ሰነድ በዚህ መንገድ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል።

ሁለተኛው ችግር ቶሎ አይታይም። ከቪስታ ጀምሮ የለመድነው ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በአማራጭ የሚጫን ሆኗል። ሳይኖር ሲቀር ኤብሪማ የተባለው ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ ነገር ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለይ መስመር ይገፋል፣ ገጽ ይንሸራተታል፣ ማውጫውም ከገጹ ጋር አይገጥምም። ተማሪ ለመጠረዝ ሲቸኩል ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮጵያ ፎንቶችን መጨመር ይፈታዋል፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።

ስካነራችን ባለ 64 ቢት ድራይቨር (ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ስላልተሠራለት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ቀርቷል። የቀድሞው መጻፊያም እዚያው ይሠራል። ድጋፍ የሌለው ስለሆነ ከኢንተርኔት ነጥዬዋለሁ፤ በፍላሽ የሚመጣውንም በሌላ ኮምፒውተር ሳልመረምር አላስገባበትም።

በዊንዶውስ 11 እቀጥላለሁ። ተመሳሳይ ሥራ ያላችሁ ግን ከመሻገራችሁ በፊት የፎንቶችን ፎልደር ቅዱ፤ የማተሚያና የስካነር ባለ 64 ቢት ድራይቨርም ቀድማችሁ አውርዱ። ከባዶ ሳይጫን በማሻሻያ የተሻገረ ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ የሚችለው በመደበኛው አሠራር ለ10 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ሁሉ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ በዓመት አንዴ የሚከፈተውንም ጭምር።