ጠቆር ያለ ጠላ ወይስ ፈካ ያለ?

ልዩነቱ የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ለጥቁሩ ገብሱ እስኪጠቁር ይታመሳል፤ ለፈካው ቡናማ ሲል ይወርዳል። ብቅሉ ግን በሁለቱም አይቆላም፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በእሳት ይጠፋልና። ጥቁሩ ከቆሎው የራሱ ምሬት ስላለው ጌሾው ቀነስ ቢል ይሻላል። ይህን የዘነጋ ጠማቂ ጉሮሮ የሚፍቅ ጠላ ያቀርባል፤ እንግዳም በይሉኝታ ይጠጣለታል።

ፈካ ያለው ጌሾ ይችላል። የገብሱ ጣዕምና በወይራ የታጠነው የእንስራ ጠረን ጎልቶ ይወጣል። ችግሩ፣ መኮምጠጥ ሲጀምር የሚደብቅለት የለም። ሲቀምሱ ቀለሙ እንዳያታልል ዓይን መጨፈን ነው፤ መጀመሪያ ማሽተት፣ ከዚያ መጎንጨት፣ ምሬቱ ምላስ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ማስተዋል። እኔ ለዶሮ ወጥ ጥቁሩን፣ ለከሰዓት ጨዋታ ፈካ ያለውን እመርጣለሁ።