የ«ፍሮዝን» ሙዚቃ፦ የመጀመሪያው ወይስ የተከታዩ?

አዘዞ ባለው ቤታችን ልጆቹ የሚጨቃጨቁበት አንድ ጉዳይ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2019 ከወጡት ሁለቱ የዲዝኒ የ«ፍሮዝን» የካርቱን ፊልሞች የየትኛው ሙዚቃ ይከፈት የሚለው ነው። የሁለቱንም ዘፈኖች የደረሱት ባልና ሚስቱ ሮበርት ሎፔዝና ክሪስቲን አንደርሰን ሎፔዝ፣ ማጀቢያውን ያቀናበረውም ክሪስቶፍ ቤክ በመሆኑ፣ ልዩነቱ የባለሙያ ሳይሆን የአሠራር ነው።

የመጀመሪያው ጉልበቱ አዝማቹ ላይ ነው። «ሌት ኢት ጎ» በፒያኖ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከፍ ሲል፣ እንግሊዝኛ የማታውቀው ትንሿ ልጃችን ሳትቀር አብራ ትጮኻለች፤ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስካር ማግኘቱም አያስደንቅም።

ተከታዩ ግን ለጆሮ የበለጠ ያደላል። ኖርዌያዊቷ ድምፃዊት አውሮራ ያለ ቃል የምታሰማት አጭር ጥሪ አራት ኖታ ብቻ ስትሆን፣ «ዲየስ ኢሬ» የተባለውን ጥንታዊ የላቲን የሙታን ዜማ የምታስታውስ ናት። የእኛ አዝማሪ ግጥም ከመጀመሩ በፊት ማሲንቆውን ገዝግዞ ቅኝቱን እንደሚያስይዝ ሁሉ፣ ይህች ጥሪም ታሪኩን አስቀድማ ትቃኘዋለች፤ ከዚያም «ኢንቱ ዘ አንኖውን» በተባለው ዘፈን ውስጥ ገብታ ከዘፋኟ ጋር ትቀባበላለች። ይህ ዘፈን ለኦስካር ታጭቶ ሳያሸንፍ ቢቀርም፣ በእኔ ሚዛን ከቀዳሚው ይበልጣል። በተከታዩ ፊልም ክሪስቶፍ የተባለው ገጸ ባሕርይ (አቀናባሪው ቤክ ሳይሆን) የሚዘፍነው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ዓይነት የፍቅር እንጉርጉሮ ግን እኛን አዋቂዎቹን ያስቃል እንጂ ልጆቹ ሁልጊዜ ያልፉታል።

ወደ ባሕር ዳር በመኪና ስንጓዝ የመጀመሪያውን፣ ማታ ቤት ጸጥ ሲል ተከታዩን እከፍታለሁ።