ለእናቴ ላሊበላን ከሰማይ ላሳዩልኝ ሁለት ሰዎች

ምስጋና ሲዘገይ ደስ አይልም፤ ዛሬ ልጻፈው።

እናቴ የግዳን ልጅ ናት። በወጣትነቷ ገና በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ላሊበላ ትገባ ነበር። በቤተ ማርያም አፋፍ፣ ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ብለው ሲዘምሩ ያልተገኘችበት ዓመት ጥቂት ነው። አሁን ወልድያ እኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷም እምቢ ብሏታል። አምና ቤተ ጊዮርጊስ ስንወስዳት ወደ ታች የሚያስገባውን መንገድ መውረድ አቃታት። ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው። አፋፉ ላይ ተሳልማ ተመለሰች። እስከ ወልድያ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

እኔና እህቶቼ አዋጥተን በሄሊኮፕተር ልናሳያት የወሰንነው ያኔ ነው። መጀመሪያ የደወልንለት ሰው ዕድሜዋን ሲሰማ «አሮጊት አንጭንም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ስሙ ይቅር። ሁለተኛው ቦታ ስንጠይቅ ግን አብራሪው ራሱ መልሶ ደወለልን። ስለ ልቧና ስለ ደም ግፊቷ ጠየቀ፤ ሐኪሟን አማክረን እንድንመጣም ነገረን።

በቀጠሯችን ቀን ነፋሱ በረታ፣ ደመናውም የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ሸፈነው። አብራሪው «ዛሬ አልነሳም» አለን። ታናሽ እህቴ ፈቃድ ወስዳ ከአዲስ አበባ ስለመጣች ብትለምነውም ፍንክች አላለም። «ነገ በጠዋት፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።» ልቤ ሙሉ በሙሉ ያመነው ይህን ሲል ነው።

በማግስቱ ኤርፖርቱ ላይ ሁላችንንም አንድ በአንድ መዘነን። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሩ እንደ ቆላው ብዙ አይሸከምም፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው በጠዋት፣ ጥቂት ሰው ጭነው የሚነሱት።

ረዳቱ የደሴ ልጅ ነው። «አብሽሪ እማማ» እያለ ክንዷን ይዞ ከፊት ለፊት በኩል አስጠጋት። በጅራቱ በኩል ማንም እንዳይሄድ ደጋግሞ አስጠነቀቀን፤ እዚያ ያለችው ትንሿ ማራገቢያ ስትሽከረከር አትታይም። ነፋሱ እንዳይገልባት የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፎ ጉያዋ ውስጥ ከተተላት። የጆሮ ማዳመጫውን ሻሿ ሳይበላሽ ቀስ አድርጎ አደረገላት። አንዴም አላቻኮላትም።

በረራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። አብራሪው ግን ቤተ ጊዮርጊስን በአናቱ አላለፈም፤ በሩቁ፣ ከፍ ብሎ ዞረው። እህቴ «ትንሽ ዝቅ በልልን» ብትለው «ሰው እየጸለየ ነው» አላት። እኔ ከምንም በላይ የማመሰግነው ለዚህ ነው። ከዚያ በእናቴ መስኮት በኩል እንዲሆን አዘነበለላት። ከቀዩ ድንጋይ መሐል መስቀሉ ወለል ብሎ ታየ፤ ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ሳይቀሩ። በእግር ሲሄዱ እኮ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ስለሆነ አፋፉ ላይ እስኪደርሱ አይታይም። ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም መከለያ ስላለባቸው ከላይ አይታዩም፤ ይህን ቀድሞ ስለነገራት አልከፋትም።

እናቴ አማተበች። ቀጥሎ ከተራራው ገዳም፣ ከአሸተን ማርያም በኩል የሚወርደውን ቀጭን መንገድ አየች። «ይችን ነው ሁለት ቀን ስኳትንባት የነበረ?» አለች፣ መዳፏን መስኮቱ ላይ ለጥፋ። አብራሪው በማዳመጫው ሰምቶ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው መንገዷን ተከትሎ ትንሽ ወደ ላይ ወሰዳት።

ስንወርድ ረዳቱን «የክርስትና ስምህን ንገረኝ፣ በጸሎቴ ላስብህ» አለችው። «እኔ ሙስሊም ነኝ እማማ» አላት። «ታዲያ የእናትህን ስም ንገረኝ» አለችውና እስክትይዘው ድረስ ደጋገመችው። ማታ ማታ ከእኛ ስም ቀጥላ ስትጠራው እሰማታለሁ።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አልደብቃችሁም። የሚከፈለው ለበረራው ጊዜ ስለሆነ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ክብደታችሁን በትክክል ተናገሩ። አየሩ ከተበላሸ የምታድሩበት አንድ ትርፍ ቀንም ያዙ። ሁለቱም ስማቸውን በይፋ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። አዛውንት እናት ወይም አባት ይዛችሁ መሄድ የምታስቡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።