ለፒካፕ ካሶኒ የመኝታ ክፍል፦ ቱቦላሬ ወይስ የፎም ግድግዳ?

ፒካፕ ካላቸው ወዳጆቼ መካከል ካሶኒው ላይ የሚቀመጥ የመኝታ ክፍል ለማሠራት ያሰበ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ በቱቦላሬና በላሜራ ይበየድ ወይስ በፎምና በኮምፔንሳቶ ይሠራ? ሁለቱንም አሠርቻለሁ፤ ለብረቱ ግን ሁለት ጊዜ ስለከፈልኩ ወደ ፎሙ ማድላቴን አልደብቅም።

ብረቱን የመረጥኩት በዋጋው ብቻ ነበር። በያጁ የጠየቀኝ የፎሙ ሠሪ ከጠራልኝ ዋጋ ግማሹን ስለነበር ሌላውን ሁሉ ሳልመረምር ቀብድ ሰጠሁ። ክብደቱን ያሰላሁት ክፍሉ ተጭኖ የመኪናው ኋላ ከተጎነበሰ በኋላ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ 40 በ40 ቱቦላሬ በሜትር ከ2 ኪሎ በላይ፣ ባለ 1.2 ሚሊሜትር ላሜራ ደግሞ በካሬ ሜትር ከ9 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 4 ሴንቲሜትር ኤክስፒኤስ (ፍሬ የሌለው ጥቅጥቅ ያለ) ፎም በሁለቱም ወገን ባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሲለበጥ ግን በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ራሱን ችሎ ስለሚቆምም ብዙ ማገር አይፈልግም። የተጎነበሰውን ኋላ ለማንሳት ባሌስትራ (የብረት ስፕሪንግ) አስጨመርኩ፤ ይህም ገንዘብ ወሰደ፤ አምራቹ የወሰነውን የጭነት ልክ ግን ባሌስትራ ከፍ አያደርገውም። ሰዉም፣ ባትሪውም፣ በሊትር 1 ኪሎ የሚመዝነው ውሃም የሚቀነሱት ከዚያችው ልክ ላይ ነው።

ከዚህ የባሰው ጤዛው ነበር። ብረት ሙቀትን ከፎም በሺህ እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ በቱቦላሬዎቹ መካከል ፎም ብጠቀጥቅም ብርዱ በራሱ በብረቱ በኩል ይገባ ነበር። ጠዋት ስነቃ የጣሪያው ልባጥ ላይ እርጥበቱ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ስለሚታይ፣ ቱቦላሬዎቹን ተኝቼ መቁጠር እችል ነበር። በኋላ አንዱ ሲቆረጥ ከውስጡ የዝገት ቅርፊት ተዘረገፈ፤ ቀለም የተቀባው ውጪው ብቻ ነበርና።

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ገደማ ቢሆንም ብየዳው ልዩ ሙያ ይጠይቃል፣ ያስወድዳልም፤ ሙቀት በማስተላለፍም ከብረት ይብሳል።

ፎሙም ቢሆን ማጭበርበር አያጣውም። ኤክስፒኤስ ነው ተብሎ የመጣልኝን ጠርዙን ብሰብረው ነጫጭ ፍሬዎች ረገፉ፤ ይህ ርካሹ ፎም ነው። «ውሃ አይበግረውም» የተባለውን ኮምፔንሳቶ ደግሞ ቁራጩን ድስት ውስጥ ቀቀልኩት፤ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጠ፤ ወዲያው መለስኩት። በኮላው ላይም አትቆጥቡ፤ እንደ ቲነር ያለ ማሟሟያ ያለበት ኮላ ፎሙን ስለሚበላው የፖሊዩሪቴን ኮላ ይሻላል። በመስኮቱ ዙሪያ ሲሊኮን እንዳታስቀቡ፤ ማፍሰስ ሲጀምር በቅሪቱ ላይ ሌላ ማሸጊያ በቅጡ አይዝም፣ ፍቆ ለማንሳት የሚጠየቀው የእጅ ዋጋም ከማሸጊያው ይበልጣል።

ክፍሉ ከካሶኒው ጋር በብሎን በሚታሰርባቸው ቦታዎች ላይ ፎሙ ወጥቶ ጠንካራ እንጨት መግባት አለበት፤ አለዚያ ብሎኑ ፎሙን ይደፈጥጠዋል። ሠሪው ልባጡን ከማጣበቁ በፊት እንጨቶቹን አይታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀሪውን ክፍያም እስከዚያ አትልቀቁ።