የብሎኬት ማሽን ለምትገዙ፦ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

በስልክ ብቻ የሚባል ምስጋና ለሌላ ሰው አይጠቅምምና በጽሁፍ ላድርገው ብዬ ነው። አነስተኛ የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ስንመርጥ፣ ስናስተክልና ስናስነሳ ያልተለዩን አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አይፈልጉም፤ ለሚያስፈልገው ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ በግል አገናኛለሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ የትኛው ማሽን ይሻለናል ብለን ስንጠይቃቸው ስለ ማሽን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያላችሁ የኤሌክትሪክ መስመር ነጠላ ፌዝ ነው ሦስት ፌዝ? አሸዋው ከየት ይመጣል? ጥላ አለ? ወለሉ ስሚንቶ ነው አፈር? ውኃ በምን ታጠጣላችሁ? ጥያቄው ሲበዛብን ገዢ መሆናችንን ልንረሳ ደረስን። ለካ መልሶቹ ራሳቸው ማሽኑን ይመርጡ ኖሯል። በጎማ እየተንቀሳቀሰ ብሎኬቱን ወለል ላይ ጥሎ የሚሄደው ዓይነት ትኩሱ ብሎኬት የሚያርፍበት ጣውላ አይፈልግም፤ ነገር ግን ሰፊና ውኃ ልክ የሆነ ጠንካራ ወለል ይፈልጋል። ወለሉ ጎርበጥ ያለ ከሆነ ትኩሱ ብሎኬት ከስሩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእኛ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ባለበት ቆሞ ጣውላ ላይ የሚያመርተውን ያዝን።

ይህን ስንወስን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አመጡ። ሻጮች የሚነግሩን የሰዓት ምርት የማሽኑን ምት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ጠቅጥቆ ማውጣቱን፣ ብቻ የቆጠረ ነው። ማደባለቁ፣ መሸከሙ፣ ጣውላ ማንሳትና ማስቀመጡ አልገባበትም። ብሎኬቱ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ከጣውላው ላይ አይነሳም፤ ስለዚህ በአንድ ምት ሦስት የሚያወጣ ማሽን በቀን 900 ብሎኬት እንዲያመርት ከተፈለገ 300 ጣውላ በእጅ መኖር አለበት። «ልጄ፣ የቀኑን ምርት የሚቆርጠው ማሽኑ ሳይሆን ጣውላውና ጋሪው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምናየው ማሽን መጠኑ በግማሽ አነሰ፤ የተረፈው ገንዘብ ለጣውላና ለማደባለቂያ ዋለ።

ማሽን ፍተሻቸውን ያየ ሰው ነው የሚያውቃቸው። ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው የቅርጽ ማውጫውን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያሉትን ሁለት ርዝመቶች ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ብሎኬቱ ሁልጊዜ ጠማማ ይወጣል። ቀጥለው ከላይ የሚጫነውን ክፍል ዝቅ አስደርገው በጎኖቹ በኩል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን አዩ፤ በአንድ ወገን ጠቦ በሌላው ሰፍቶ ከሆነ ብረት ብረትን እየበላ ይሄዳል። የብየዳውን መስመር በጥፍራቸው እየዳሰሱ ተከተሉ። በመጨረሻ ሻጩን «ባዶውን አስነሳልኝ» አሉትና አንዱን መዳፋቸውን ፍሬሙ ላይ፣ ሌላውን ቅርጽ ማውጫው ላይ አሳረፉ። መንቀጥቀጥ ያለበት ቅርጽ ማውጫው ነው፤ ፍሬሙ ጸጥ ማለት አለበት። በዚያኛው ማሽን ግን ይብስ የሚንቀጠቀጠው ፍሬሙ ነበር። ከስሩ ያሉት የንዝረት ጎማዎች ደንድነው ነበርና ንዝረቱ ኮንክሪቱን መጠቅጠቁን ትቶ ብየዳውን ይሰነጥቃል ማለት ነው። የሻጩ ፊት ጠቆረ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ጠርገው ወደ ቀጣዩ ሄዱ። ኋላ ሻጩ ለብቻቸው ወደ ጥግ ጠርቶ ስለ ድርሻ ሲያነጋግራቸው «የቀጠሩኝ እነሱ ናቸው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚናገር አማካሪ ስንት እንዳለ እናንተው ፍረዱ።

የገዛነው ባለ ሁለት ንዝረት ሞተር ነው። ገመዱን የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ አዙሯቸው ነበር። እሳቸው ቆመው ድምፁን ብቻ ሰምተው አወቁ። ሞተሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ የጎን ግፊታቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ግን ይደመራል፤ ብሎኬት የሚጠቀጥቀው ደግሞ እሱ ነው። ሦስት ፌዝ ስለሆነ የአንደኛውን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማቀያየር በቂ ነበር። ይህንንም ራሳቸው አልነኩም፤ ኃይሉ ተቋርጦ ኤሌክትሪሺያኑ ተጠርቶ እስኪመጣ ሥራው ቆመ። በዚህ ቁጣቸውን አይታችሁ ልትደነግጡ ትችላላችሁ፤ ብልጭታና እርጥብ ወለል አንድ ላይ ሲሆኑ ቀልድ አያውቁም። የመሬት ሽቦው በትክክል ካልታሰረ ቁልፉን አይጫኑም።

ለሠራተኞቹ ያስተማሩት ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ልጆቹ ድብልቁ እንዲለሰልስላቸው ውኃ ማብዛት ይወዳሉ፤ ሥራው ይቀላልና። «ጋሼ፣ ይህ በጣም ደረቅ ነው» ሲሏቸው ጭብጥ አድርገው ጨምቀው አሳዩዋቸው፦ ድብልቁ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ መዳፍ ይረጥባል፣ ውኃ ግን ጠብ አይልም። ውኃው ሲበዛ ቅርጽ ማውጫው እንደተነሳ የብሎኬቱ ጎን ያብጣል፤ ሲያንስ ጠርዙ ይፈረፈራል። ልክ ሲሆን ደግሞ ትኩሱ ብሎኬት ጎን ላይ ቀጭን የሸረሪት ድር የመሰለ የውኃ ምልክት ይታያል። አሁን ልጆቹ ራሳቸው አጎንብሰው ያንን ድር ይፈልጋሉ። ለዚህ ለደረቅ ድብልቅ በርሜል የመሰለው ማደባለቂያ እንደማይመች የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ ስሚንቶው ይድበለበላል። ክንፎቹ በማደባለቂያው ወለል ላይ እየዞሩ የሚያዋህዱት ዓይነት ይሻላል። ጠጠሩም ከ10 ሚሊሜትር አይበልጥ፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ቀጭን ነውና ትልቅ ድንጋይ ከገባ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ቀን መጻፍንም ከእሳቸው ለምደናል። በእያንዳንዱ ክምር ላይ የተመረተበት ቀን ይጻፋል። ብሎኬቱ ለሳምንት ያህል ጥላ ስር እርጥበቱ ሳይጠፋ ውኃ ይጠጣል፤ ስሚንቶ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው 28 ቀን ገደማ ሲሞላ ስለሆነ ገዢ ቢቸኩልም ከክምሩ ላይ ያለውን ቀን እናሳየዋለን። ማታ ማታ ቅርጽ ማውጫውን አጥቦ ዘይት መቀባት፣ ጠዋት ብሎኖችን ሁሉ መፈተሽ፤ ንዝረት ያላላውን ብሎን ሳይፈትሹ ማስነሳት ክልክል ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈው ማሽኑ አጠገብ ለጥፈውልናል፤ ጽሑፋቸው ለማንበብ ያታግላል እንጂ ይጠቅማል።

ጉድለት የላቸውም ለማለት አይደለም። ስልክ ሲደወል አያነሱም፤ መልሰው የሚደውሉት አመሻሽ ላይ ነው። ንግግራቸውም ቆምጠጥ ያለ ነው፤ ቶሎ በሉልኝ የሚል ሰው አብሯቸው አይዘልቅም። ክፍያቸው በቀን ነው፤ በማሽኑ ዋጋ ላይ መቶኛ አይጠይቁም። ቅርጽ ማውጫው በአሸዋ ተበልቶ ብሎኬቱ መጠኑ ሲያድግ እንዲለኩልን ደግሞ ዳግመኛ ልንጠራቸው ተስማምተናል።

ልታማክሯቸው የምትፈልጉ፣ የኤሌክትሪክ መስመራችሁን ዓይነትና የቦታችሁን ስፋት አውቃችሁ፣ ከአሸዋችሁም በጠርሙስ ይዛችሁ ጠብቋቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ውኃ ጨምረው ነቅንቀው ደለሉ ከላይ እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ፤ ያንን ሳያዩ የማሽን ወሬ አይጀምሩም።